መርፌው የሚወጋበት ሰዓት

ሰኞ ጠዋት የልብስ ስፌት ፋብሪካው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ። ባለፉት ሦስት ወራት ጣታቸውን በመርፌ የተወጉ ሠራተኞች፦ አንደኛ መስመር ሰባት፣ ሁለተኛ መስመር አምስት፣ ሦስተኛ መስመር አሥራ አምስት። ከሥሩ በቀይ፣ «ሦስተኛ መስመር በጥንቃቄ ጉድለት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶታል» ይላል።

ሲናገር በጥርሱ መሃል አየር ስለሚያመልጠው «ፉጨት» የሚሉት ተቆጣጣሪ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበው። በሦስተኛ መስመር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰፋችውና ትልቅ ትንሹ «እታለም» የሚላት ሴት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ልትሳደብ ቃጣትና ተወችው። ቁጥር ነዋ፤ ቁጥርን ምን ብለው ይሰድቡታል?

ማታ ለታናሽ እህቷ ነገረቻት። ሰፍታ ያስተማረቻት እህቷ ኮሌጅ ገብታ ስታቲስቲክስ ትማራለች።

«ስንት ናችሁ እናንተ?» አለች ታናሿ።

«ስልሳ።»

«አንደኛና ሁለተኛስ?»

«ሃያ አራትና ሃያ።»

«ታዲያ ስልሳ ሰውና ሃያ ሰው እኩል እንዲወጋ ነው የሚጠብቁት? ከመቶ ስንት እንደሚሆን አስይው እስቲ።»

እታለም እርሳስ አነሳች። ሦስተኛ መስመር ከመቶ ሃያ አምስት፤ ሁለተኛም ሃያ አምስት፤ አንደኛ ሃያ ዘጠኝ። አላመነችም፤ ሦስት ጊዜ ደገመችው።

«ወይ ጉድ! በከንቱ ነው ያዋረዱን!»

«ቆይ፣ ገና ነው። ሰሌዳው ላይ የተቆጠረው የፋብሪካው ክሊኒክ ሄዶ የተመዘገበ ብቻ አይደል? ያልሄደውስ?»

እታለም ጣቶቿን አየት አደረገች። እሷ ራሷ ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ተወግታ፣ ጣቷን በብጣሽ ጨርቅ ጠቅልላ ሥራዋን ቀጥላለች። ክሊኒክ የሄደ ስሙ ይመዘገባል፤ ስሙ የተመዘገበ በክፉ ዓይን ይታያል።

በማግስቱ አንድ ደብተር ገዝታ አሰመረች፦ ቀን፣ ሰዓት፣ መቀመጫ። የስም ቦታ አልነበረውም። ለአራት ሳምንት፣ በየቀኑ መውጫ በሩ ላይ ቆማ መቶ አራቱንም ሠራተኞች ጠየቀች። የምትወጃቸውን ብቻ ብትጠይቂ የምታገኚው የራስሽን ሐሳብ ነው ብላ እህቷ ስለነገረቻት፣ ሁለት ዓመት ያኮረፈቻትን የሁለተኛ መስመር ሴትዮ እንኳ አላለፈቻትም።

«ለማን ልታሳብቂ ነው?» አለቻት ሴትየዋ።

«ስምሽን መች ጠየቅሁሽ? ሰዓቱን ብቻ ንገሪኝ።»

ሴትየዋ ትንሽ አመነታችና ነገረቻት።

ወሩ ሲያልቅ ክሊኒኩ ዘጠኝ ሰው መዝግቦ ነበር፤ የእታለም ደብተር ግን አርባ አንድ።

እታለም ጥፋቱን በድካም ላይ አሳብባ ነበር። ሥራ የሚያልቀው አሥራ አንድ ሰዓት ስለሆነ፣ ብዙው በመጨረሻዋ ሰዓት እንደሚሆን በልቧ ወስናለች። እህትማማቾቹ በየሰዓቱ ሲለዩት ግን በመጨረሻዋ ሰዓት የተወጉት አራት ብቻ ሆኑ። ከዘጠኝ እስከ አሥር ባለው ግን አሥራ ዘጠኝ!

«አንድ አምስቱን ወደ መጨረሻዋ ሰዓት ባወርዳቸውስ?» አለች እታለም፣ የቀልድም የምርም በሚመስል ድምፅ።

ታናሿ አልሳቀችም። «ቁጥሩን ለራስሽ ፍርድ ካጣመምሽውማ ፉጨትን ሆንሽ ማለት ነው።»

እታለም ቁጥሩን እንዳለ ተወችው። ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ ስድስቱ የተቀመጡት በምዕራብ በኩል ባሉት መስኮቶች ሥር ነበር። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እዚያ ሄዳ ቆመች። ፀሐይዋ ዘልቃ ገብታ፣ ከመርፌው ሥር ያለውን ብረት እንደ መስተዋት አንጸባረቀችው፤ ክሩም መርፌውም ከዓይን ጠፋ። አሥር ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ከጎን ካለው መጋዘን ጀርባ ገባች። እታለም ስንት ዓመት ዓይኗን አጨንቁራ እንዳለፈችው አሰበችና ራሷን ታዘበች።

ደብተሩን ይዛ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ገባች። ሥራ አስኪያጇ ገጾቹን አገላበጠች።

«አጋጣሚ ቢሆንስ?»

«እኔም እሱን እፈራለሁ፤ ለዚህ ነው የመጣሁት። መጋረጃ ለግማሹ መስኮት ብቻ ስጡኝና እንየው።»

በአራት ሳምንት፣ በዚያችው ሰዓት መጋረጃ ባለው በኩል ሁለት፣ በሌለው በኩል ዘጠኝ ሰው ተወጋ። መጋረጃውን ወደ ሌላው ወገን አዛወሩት። ከሌላ አራት ሳምንት በኋላ ቁጥሩ ተገለበጠ፦ አሁን መጋረጃ ያገኘው ወገን ሦስት፣ መጋረጃው የተነሳበት ስምንት። አደጋው ፀሐይዋን ተከትሎ ዞረ።

በወሩ መጨረሻ ስብሰባ ተጠራ። የሦስተኛ መስመር ማስጠንቀቂያ ተሰረዘ፤ ለመስኮቶቹ ሁሉ መጋረጃ ታዘዘ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣው እንግዳ ከደብተሩ የተሠራውን ሠንጠረዥ ትኩር ብሎ አየና፣ «ያጠናው ባለሙያ የታለ?» አለ።

ፉጨት ጉሮሮውን ጠረገ። «ባለሙያዋ... እሷ ናት» አለ፣ ወደ እታለም እየጠቆመ።

እታለም ተነሳች። ደብተሩን ገለጠች። እንዴት እንደጠየቀች፣ ለምን ከመቶ እንዳሰላች፣ በድካም ላይ ፈርዳ እንዴት እንደተሳሳተች አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። ጭብጨባው ከሦስተኛ መስመር ተነስቶ አዳራሹን ሞላው። ያኮረፈቻት ሴትዮ እንኳ ቆማ ነበር የምታጨበጭበው። እታለም አንገቷን ቀና እንዳደረገች ተቀመጠች።

ከስብሰባው ስትወጣ ከመተኮሻ ክፍል ሦስት ሴቶች ጠበቋት።

«እታለም፣ እኛን ደግሞ ራስ ምታት ፈጀን። ብትቆጥሪልን?»

«እኔማ አልቆጥርላችሁም» አለች ፈገግ ብላ። «እናንተው ናችሁ የምትቆጥሩት። ኑ፣ እንዴት እንደሚሰመር ላሳያችሁ።»