ደባሱ የሸጠላት ወፍራም ገመድ

ብርቅዬ ገመዱን የገዛችው ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ ከደባሱ ሸራ ስር ነው። ገመዱ እንደ አውራ ጣት ይወፍራል፤ ከላዩ ሐር የመሰለ ጥልፍ ለብሷል፣ ጫፎቹም እንደ ወርቅ ያብረቀርቃሉ። ደባሱ ባትሪ፣ አምፖልና የቴፕ ዕቃ ሻጭ ነው፤ አፉ እንደ ማር ነው ይባላል።

«እትዬ ብርቅዬ፣ ቀጭን ሽቦ ድምፅ ይውጣል» አላት። «ቦዩ ከጠበበ ውኃው ከየት ይመጣል? ይኸን ከቴፑ እስከ ስፒከሩ ከዘረጉበት፣ በሹክሹክታ የተነገረው እንኳ እንደ ደወል ይሰማል።»

«በሹክሹክታ የተነገረውም?»

«እሱማ ይብሳል እንጂ!»

ከዚህ በኋላ ዋጋ አልተከራከረችም። አሸተን ተራራ ስር እህቷ ዘንድ ታረባት የነበረችውን እናት በግ አስነድታ አስመጣችና ሸጣ ዋጋውን ከፈለችው።

ቴፑንና ሁለቱን ትልልቅ ስፒከሮች የተወላት፣ እሷ አንሶላ ታጥብበት በነበረው ሆቴል ሦስት ዓመት ተቀምጦ የሄደ ፈረንጅ ነው። አሮጌው ቤቷ መብራት የገባለት ገና ፈረንጁ በሄደበት ዓመት ነበር። ልጇ ማኅሌት ዓረብ አገር ለሥራ ስትሄድ፣ ብርቅዬ ፊደል ስለማታውቅ በደብዳቤ ፈንታ በካሴት ይነጋገሩ ጀመር። ካሴት እንደ ልብ አይገኝምና አንዱን ካሴት ይመላለሱበታል። ማኅሌት ተናግራ ትልካለች፤ እናት ትሰማና ልጇ ካቆመችበት ጀምራ መልሷን ትቀዳበታለች። ከዚያ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሲገኝ ካሴቱ ይመለሳል። ጎረቤቶችም እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ካሴቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመጣ ማኅሌት ስለ አየሩ ሙቀት፣ ስለ እመቤቲቱ ልጆች፣ በምትልከው ገንዘብ ስለሚሠራው አዲስ ቤት ቆርቆሮ ካወራች በኋላ፣ «እማ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ…» አለችና ዝም አለች። ትንፋሿ ብቻ ይሰማ ነበር። ብርቅዬ ቴፑን እዚያው ላይ አቆመችው። ካሴቱን ያመጣችውም የምትመልሰውም ሰአዳ ነበረች፤ ማኅሌት ካለችበት ከተማ የምትሠራና ለዒድ አገሯ ገብታ የነበረች የመንገድ ዳር ሰፈር ልጅ። ሰአዳ በረንዳ ተቀምጣለች። የሚወስዳት መኪና ሊነሣ ነው። ብርቅዬ ቀጥላ መልሷን ቀዳች።

«ልጄ፣ አይዞሽ፣ ታገሺ። ግድግዳው ተመርጓል፣ ቆርቆሮው ግማሹ ወጥቷል፣ የቀረው ትንሽ ነው። እስኪያልቅ ታገሺ።»

ካሴቱ በሄደ በሁለተኛው ወር ማኅሌት ከፎቅ ወደቀች ተባለ። ማን እንዳየ፣ እንዴት እንደወደቀች የነገራት የለም። አስከሬኗ እዚያው ቀረ። ሻንጣዋ መጣ፤ ካሴቱም በሹራቧ ተጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ነበር። ሻንጣውን ያመጣችው ሰአዳ ለቅሶው ላይ እግሯ ስር ተደፍታ፣ «እማማ፣ ያን ጊዜ ካሴቱን ስትሰጠኝ፣ ‹ለእማ ሁሉን ነግሬያታለሁ፣ መልሷን ነው የምጠብቀው› ብላኝ ነበር» አለቻት።

ብርቅዬ ለቀስተኛው ሲበተን ካሴቱን ከሹራቡ ፈታች። ሁሉን ነግሬያታለሁ? መቼ ነገረችኝ? ካሴቱን ከፈተችው። ከዝምታው ቀጥሎ የሚሰማው የራሷ ድምፅ ነው፤ ልጇ ዝም ካለች በኋላ በተናገረችው ላይ የእናት መልስ ተቀድቶበታል። ግን ከራሷ ድምፅ ስር፣ ቃል ከቃል በሚለያይበት ቦታ ላይ፣ እንደ ትንኝ ጢዝ የምትል አንዲት ቀጭን ድምፅ ያለች መሰላት። በየቀኑ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጥፋ ስትሰማ ከረመች። ገመዱን የፈለገችው ለዚህ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሬዲዮ ጠጋኙን አሊን ጠራችው። አሊ ገመዱን አገላብጦ አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ስንት አሉዎት እማማ ብርቅዬ?»

«አንድ በግ።»

«በስመአብ አይሉም ነበር? የበጓ አንጀት ቢገመድ ከዚህ ባላነሰ ይሠራ ነበር!»

«አትሳቅብኝ አሊዬ። ይልቅ እሰርልኝ።»

አሰረላት። ካሴቱን ከፈቱት። ብርቅዬ ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ ደጋግማ ሰማች። «ይሻላል» አለች። «እንዲያውም በጣም ይሻላል። የሆነ ነገር ትላለች።»

«ያው ነው፣ ወላሂ። ከዚህ እስከዚያ ለሚሄድ ድምፅ የድሮው ሽቦ ይበቃዋል። ገመድ የተሰጠውን ያደርሳል እንጂ ከየት ያመጣል?»

«አንተ የልጄን ድምፅ ከኔ ይበልጥ ታውቃለህ?»

«እሺ፣ ጆሮዎን እንጠይቀው። ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ። እኔ ገመዱን እየቀያየርኩ ሁለት ጊዜ አሰማዎታለሁ፤ የትኛው ወፍራሙ እንደሆነ ይንገሩኝ። ካወቁ ደባሱ ልክ ነው፣ እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

ዞረች። ከኋላዋ ሲፈታና ሲያስር ተሰማት፤ ከዚያ ካሴቱ ዞረ።

«ምን ሰሙ?»

«የኔን ድምፅ። ይኸ ቀጭኑ ነው።»

እንደገና ዕቃው ተንኳኳ፣ እንደገና ካሴቱ ዞረ። ብርቅዬ ድንገት ሁለት እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ሰማሁ! ‹እማ ልምጣ› አለች! ልምጣ፣ በቃኝ፣ ልምጣ! አልነገርኩህም? ይኸ ነው ወፍራሙ!»

ዞር ስትል ወፍራሙ ገመድ ተጠቅልሎ አሊ ጉልበት ላይ ተቀምጧል። ስፒከሩ ላይ የታሰረው ያ የድሮው ቀጭን ሽቦ ነበር።

«ሁለቱንም ጊዜ ያው የድሮው ሽቦ ነበር» አላት አቀርቅሮ። «ደባሱን ላጋልጥ ብዬ ነው እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ካሴት ከላዩ ሲነገርበት የፊተኛው ይጠፋል። የሚንሾካሾከው የካሴቱ ክር ሲዞር የሚያሰማው ነው። እዚያ ውስጥ ማንም የለም።»

«ታዲያ ማን ተናገረኝ?»

አሊ መፍቻውን ወደ ኪሱ ከተተ።

ብርቅዬ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ማን እንደተናገራት ታውቃለች። ማኅሌት ትንሽ ልጅ ሆና እንኳ፣ እንዳይከለክሏት የምትፈራውን ነገር ከመጠየቋ በፊት አፏን ገጥማ በአፍንጫዋ ትተነፍስ ነበር። በካሴቱ ላይ የነበረው ያው ትንፋሽ ነው። ብርቅዬ ያን ጠዋት ትንፋሹን ሰምታ የሚመጣውን ቃል ዐውቃዋለች። ልምጣ ልትል ነው። ከሰማሁት ነይ ማለት ግድ ይሆንብኛል፤ ነይ ካልኩ ቤቱ እንደተከፈተ ይቀራል፣ የመንደሩም ሰው ይስቅብናል። እንዲህ ብላ ነው በገዛ ጣቷ ያቆመችው። መኪናውም አልቸኮለም ነበር። ሰአዳ በረንዳው ላይ ቆሎዋን በቀስታ እየቆረጠመች ነበር።

«‹ተናግራ ጨርሳለች ብዬ ነው ያቆምኩት› ስል ከረምኩ» አለች። «ለሰአዳም፣ ለንስሐ አባቴም እንዲያ ነው ያልኩት። አልጨረሰችም አሊ። እንዳትጨርስ ያደረግኋት እኔ ነኝ።»

«አብሽሩ እማማ። ማንም እናት…»

«ተው፣ አታጽናናኝ።»

አሊ ተነሥቶ ገመዱን ብብቱ ስር ሸጎጠ። «ነገ ወስጄ ፊቱ ላይ እወረውርለታለሁ። ያ ውሸታም፣ አንቄም ቢሆን የበጓን ገንዘብ አስመልሳለሁ።»

«የደባሱ ውሸት ትንሽ ናት» አለች ብርቅዬ።

ቴፑን ያጠፋ ሰው አልነበረም። በቀጭኑ ሽቦ በኩል፣ ከሁለቱም ስፒከሮች፣ ‹የቀረው ትንሽ ነው፣ እስኪያልቅ ታገሺ› የሚለው የራሷ ድምፅ አንዲት ቃል ሳትጎድልበት ጥርት ብሎ ይሰማ ነበር።