በጾም የተጠራ ሠርግ

መጋቢት 6 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። የሰዓት እላፊው ገና ማብቃቱ ነው። ሃረገወይን ገርጂ ባለው ቤቷ በራፍ ላይ ነጭ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ቆማ አንዴ እልል አለች። ደስ ብሏት አልነበረም። የቀበሌው ጥበቃ ገሰሰ ጠመንጃውን አንግቶ ከአጥሩ ሥር እያያት ስለነበረ ነው።

«ድገሚው» አላት ባሏ ገብረሃንስ የቮልሷን ኮፈን እየዘጋ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«አልደግመውም። ለእሱ አንድ ይበቃዋል።»

ገሰሰ ተጠግቶ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አጎነበሰ። ከኋላ ወንበር ልጃቸው ሣባ አንድ ትልቅ ትራስ አቅፋ ተቀምጣለች።

«ሙሽራዋ ማን ናት ነበር ያላችሁኝ?»

«የእህቴ የአስመረት ልጅ ናት፤ አሰብ ያለችው» አለ ገብረሃንስ የይለፍ ወረቀቱን እያወጣ። «ሊቀመንበሩ ራሳቸው ፈርመውበታል።»

«መልካም ጋብቻ ነዋ! እንግዲህ የባሕር ዓሣ ይዛችሁልኝ ኑ።»

«አጥንቱ የማይወጋህን እንመርጥልሃለን» አለች ሃረገወይን፣ ገብታ በሩን እየዘጋች።

አስመረት የምትድረው ልጅ ቀርቶ ጭራሹን ልጅ አልወለደችም። እንደ ልጇ ያሳደገችው አንድ ብቻ ነው። እሱም የሃረገወይን የበኩር ልጅ ዘርአጽዮን ነው። ገብረሃንስ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ይዞ ቤት እስኪሠራ ድረስ ልጁ አሰብ አክስቱ ዘንድ ነበረ። በሰባት ዓመቱ ወደ ገርጂ ሲያመጡት ለብዙ ጊዜ እንቅልፍ አልወስደው ብሎ ነበር። «እዚህ ዝም ይላል» እያለ ያለቅስ ነበር። ሃረገወይን ምኑ ነው ዝም የሚለው ብትለው ሊያስረዳት አልቻለም።

ባለፈው ዓመት በየካቲት ወር ዘርአጽዮንን ከቦሌ መንገድ ወሰዱት። በማግሥቱ ሬሳውን ከቤታቸው ብዙም ሳይርቅ ከመንገድ ዳር ጣሉት። ሃረገወይን ነጠላዋን እየጎተተች ስትደርስ ገሰሰና ጓደኞቹ ከአጠገቡ ቆመው ነበር። «የሚያለቅስ ካለ ከጎኑ ይጋደማል» ተባለ። ድንኳን አልተተከለም፤ ጥቁር አልተለበሰም። ሊያስተዛዝን የሚመጣ ጎረቤት እንኳ ወንፊት ሊዋስ የመጣ መስሎ ነበር የሚገባው። ሃረገወይን የነጠላዋን ጫፍ እንደነከሰች ዓመቱ ዞረ።

አስመረት ግን አልሰማችም። መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ በስልክም አይወራም። መርዶ የሚነገረው ገና ጎህ ሲቀድ ደጅ አንኳኩቶ፣ ሰው በሰው ፊት ቆሞ ነው። ምስኪን አስመረት እስካሁን በከባድ መኪና ሾፌሮች እጅ ለዘርአጽዮን ቴምር ትልካለች። መጨረሻ የመጣውን ቴምር ሃረገወይን ልትበላውም ልትጥለውም አልሆነላትም። ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በሦስተኛው ቀን ከፍታ አየችውና «አሰብ እንሄዳለን» አለች።

«ምን ብለን?» አላት ገብረሃንስ። «የትግራይ ሰው ቤተሰቡን ጭኖ ወደ ባሕር ሲሄድ ምን እንደሚሉ ታውቂያለሽ። ሊሻገር ነው ይላሉ።»

«ሰበቡን አንተ ፈልግለታ። እኔ እሄዳለሁ ብያለሁ።»

ገብረሃንስ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና «ሠርግ እንበል። ሠርግ የሚከለክል የለም» አለ። ሃረገወይን ጥቁር ቀሚሷን አጣጥፋ ከትራሱ ጥጥ መሃል ከተተችና አፉን ሰፋችው። ሣባ ያቀፈችው ያንን ትራስ ነው።

ቃሊቲ ላይ ያለው ኬላ ሳያስቸግራቸው አሳለፋቸው። ናዝሬትን እንዳለፉ ሣባን አስመለሳት፤ ሃረገወይን ሎሚ ቆርጣ አፍንጫዋ ሥር ያዘችላት። አዋሽ ላይ መኪናዋን አቁመው በሶ በጥብጠው ጠጡ። ከአዋሽ ወዲያ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ፊት ለፊት መጣ። ገብረሃንስ መሪው እጁን ቢያቃጥለው እርጥብ ፎጣ ጠመጠመበት።

«ይቺን መኪና ጀርመኖች ለበረዶ ነው የሠሯት» አለ። «እኔ ሲኦል ይዣት መጣሁ።»

«አባዬ፣ እንግዲያው ወርደን እንግፋት» አለች ሣባ።

«ተይ አትስማሽ! የሰማች እንደሆነ የምር ትቆማለች።»

ሃረገወይን ሳቀች። ሳቋ ራሷን አስደነገጣትና አፏን በእጇ ያዘች። ገዋኔ ላይ ሲቆሙ አንዲት የአፋር ሴት ወተት በቅል አቀረበችላት። «ጾም ነው እህቴ» ብላ መለሰችላት፤ በምትኩ ከሰሌን የተሠራ ማራገቢያ ገዛች።

ሚሌ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ከዳር ድንኳን አለ። ከድንኳኑ ሬዲዮ ይሰማል። አንድ ጎረምሳ ወታደር መጥቶ ወረቀቱን ተቀበለ። በኮሌታው ሥር የማተቡ ክር ትንሽ ብቅ ብሏል።

«ወዴት ናችሁ?»

«አሰብ፣ ለሠርግ» አለ ገብረሃንስ በደስተኛ ድምፅ።

ወታደሩ አነበበ። መልሶ አነበበ። ቀና ብሎ ሦስቱንም በየተራ አያቸው።

«ክርስቲያን ናችሁ?»

«አዎን፣ ክርስቲያን ነን።»

«ታዲያ በዐቢይ ጾም ማን ይዳራል?»

ሃረገወይን ፊቷ እሳት ሆነ። ቅድም ወተቱን በጾም የመለሰች እሷ ራሷ ናት! ዕድሜ ልኳን ጾሙን ገድፋ አታውቅም፤ ሠርጉን ሲፈጥሩት ግን ለሦስቱም አልታያቸውም። የፈረመው ሊቀመንበርም ጾም መቁጠር ከተወ ቆይቷል።

«አብዮታዊ ሠርግ እኮ ነው!» አለ ገብረሃንስ ላቡን እየጠረገ። «በማዘጋጃ ቤት ነው የሚጋቡት። ቄስም የለ፣ ቁርባንም የለ።»

«ምንድን ነው የምትጨቃጨቁት?» አለ ከድንኳኑ አፍ አንድ ሰው። ሬዲዮውን እንደያዘ ብቅ ብሏል። ካድሬ መሆኑን አለባበሱ ይናገራል።

«ሠርገኞች ናቸው፣ ጓድ!»

«ሠርገኛ ከሆኑማ ዘፍነው ይለፉ!» አለና እየሳቀ ተመልሶ ገባ።

ሣባ ትራሱን ወዲያ አድርጋ ማጨብጨብ ጀመረች። ገብረሃንስም በተሰነጠቀ ድምፅ ተቀበላት። ሃረገወይን ወደ ኋላ ዞረችና የልጇን ሁለት እጆች በአንድ እጇ ያዘቻቸው።

«ተይው።»

«እማዬ፣ ትንሽ ብቻ...»

«ተይው አልኩሽ።»

በሩን ከፍታ ወረደች። ነጭ ቀሚሷ በላብ ከጀርባዋ ተጣብቋል። ወታደሩ ፊት ቆመች።

«ሠርግ የለም ልጄ። መርዶ ይዘን ነው። ወንድ ልጄን አዲስ አበባ ገደሉብኝ፤ አታልቅሺም አሉኝ። ያሳደገችው አክስቱ አልሰማችም። ለእሷ ልነግር ነው።»

«እማማ፣ ኧረ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ!»

«ዓመት ሙሉ ዝቅ አድርጌዋለሁ። ከዚህ በላይ የት ድረስ ላውርደው?»

ወታደሩ ወደ ድንኳኑ ዞሮ አየ። ወረቀቱን አጠፈ፤ መልሶ ዘረጋ፤ እንደገና አጠፈ።

«ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሃያ አንድ። አንተን ያህላል።»

«የክርስትና ስሙስ?»

ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ወልደ ሚካኤል» አለች።

ወታደሩ ስሙን በከንፈሩ ደገመው። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ጮኸ፦

«ዘፍነዋል ጓድ! ድምፃቸው ግን የሚያምር አይደለም!»

ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ወታደሩ ገመዱን አወረደና በገብረሃንስ መስኮት አጎነበሰ። «እኔ ያየሁት የተጻፈውን ነው። ቀጥሎ ሎጊያ ኬላ ላይ ያለው ሰውዬ አይጾምም፤ ለእሱ ሠርግ ብትሉት ችግር የለም። ሂዱ።»

ገብረሃንስ ሚሌ ከኋላቸው እስክትሰወር ነዳ። ከዚያ መሪውን በቡጢ መታው።

«ልታስጨርሺን ነበር እኮ! ይቺን ልጅ አላሰብሽላትም?»

«ይቺን ልጅ ስለማስብ ነው። በወንድሟ ሞት እንድታጨበጭብ ነው የምትፈልገው?»

ገብረሃንስ በአንድ እጁ በሰሌኑ ማራገቢያ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ አራገበላት፤ እሷም አልከለከለችውም።

በማግሥቱ ሲመሽ አሰብ ደረሱ። ወደ አስመረት ቤት አልሄዱም፤ መርዶ ነጋሪ ቀድሞ ገብቶ እራት አይበላም። መኪናዋን ባሕሩ ዳር አቆሙ። ሣባ ጫማዋን ወርውራ ሮጠች፤ እስከ ጉልበቷ ገብታ ጮኸች። ሃረገወይን አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ውሃው ይመጣል፤ ይመለሳል። ሆ ይላል፤ ጥቂት ያርፋል፤ ደግሞ ሆ ይላል።

«ገብረሃንስ» አለች። «ይሄ ድምፅ ሌሊትም አያቆምም?»

«አያቆምም።»

«ለካ ይሄ ነው» አለች። «ገርጂ ዝም ይላል ያለኝ ይሄ ነው።»

ጎህ ሲቀድ ሣባ የትራሱን ስፌት በጥርሷ ተረተረችው። ሃረገወይን ጥጡን ከጥቁሩ ቀሚስ ላይ እያራገፈች ለበሰችው። ደጁን ያንኳኳው ገብረሃንስ ነው። አስመረት ሻሿን እያሰረች ከፈተች። መጀመሪያ ፈገግ አለች። ቀጥላ ወንድሟን አየች፤ ሣባን አየች፤ ከኋላቸው አራተኛ ሰው ፈለገች። መጨረሻ ላይ ዓይኗ ሃረገወይን ቀሚስ ላይ አረፈ።

«ዘርአጽዮንስ?» አለች በትግርኛ።

ሃረገወይን አፏን ከፈተች። የወጣው ድምፅ የእሷ አልመሰላትም። ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ደጃፉ ላይ ወደቁ። ሰፈሩ ነቅሎ መጣ። ሸሪፋ የምትባለው ዓሣ ነጋዴ ጎረቤት ማን ሞተ፣ እንዴት ሞተ ሳትል ምንጣፏን አምጥታ አነጠፈች። ደረት ተመታ፤ ስሙ ተጠራ፤ ልጅነቱ ተወራ። ሃረገወይን ድምፅዋ ተዘግቶ ሹክሹክታ ብቻ እስኪቀራት ድረስ ሦስት ቀን አለቀሰች።

ሊመለሱ ሲሉ ሣባ ሻንጣውን ገለባብጣ ፈለገች።

«እማዬ፣ ነጩ ቀሚስሽ የለም። ለኬላው...»

«ለሸሪፋ ልጅ ሰጥቻታለሁ። በነሐሴ ታገባለች። ነጭ ለሠርግ ነው።»

ገብረሃንስ ቁልፉን በእጁ እያገላበጠ አያት።

«ገሰሰ ደጅ ላይ ይቆያል።»

«ይቆይ።»

ገብረሃንስ ሞተሩን አስነሳ።

ገርጂ ሲደርሱ ገሰሰ ገብረሃንስ እንዳለው ከአጥሩ ሥር ነበር። «እትዬ ሃረገወይን፣ ሠርጉ እንዴት...» ብሎ ጀመረና ቀሚሷን አይቶ ቃሉን ዋጠው። ጎረቤቶች በየአጥራቸው ቀዳዳ ያያሉ። ሃረገወይን በሩን ከፍታ ወረደች፤ ጥቁሩን ቀሚስ አስተካከለች።

«ሠርግ አልነበረም። ልጄን አልቅሼ መጣሁ» አለችው በተዘጋ ድምፅዋ። «ዓሣም አላመጣንልህም።»

በማግሥቱ ገብረሃንስን በሐሰት ሠርግ ይለፍ አወጣህ ብለው ወስደው ክረምቱ እስኪወጣ አሰሩት። ሃረገወይን ቀበሌው ድረስ ስንቁን ያመላለሰችው ያንኑ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነው።