ከኋላ የቆመችው

በዚያ ቴአትር ቤት ተዋናዮች ሳያዩ ወደ ኋላ መውደቅ ይለማመዳሉ። ከኋላ የቆመው ያዥ በለሆሳስ «አለሁ» ይላል፤ ወዳቂው ይህን ሲሰማ ገላውን ይለቃል። ሕጉ ይኸው ነው፤ «አለሁ» ብሎ የሸሸ ሰው ደግሞ ሰው አይባልም።

እሷን ግን እንዲያ አድርገዋታል። ያኔ ገና ወጣት ተዋናይት ነበረች። ሁሉም «ጋሼ» የሚሉት አዘጋጅ «የውሸት ድንጋጤ ሰልችቶኛል፤ ገላ አይዋሽም» ይል ነበር። በመክፈቻው ዕለት ለያዡ በጆሮው አንድ ነገር ሹክ አለው። ያዡ «አለሁ» አላት፣ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ፣ እሷም እየጮኸች በዳሌዋ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበ። የደነገጠ ፊቷ ትልቅ ፖስተር ሆኖ መተላለፊያው ላይ ተሰቀለ። ጋሼ በዚያ ፖስተር ስም አተረፈ፤ እሷ አንካሳ ሆና ቀረች።

ከመድረክ ወርዳ የተዋናዮች የእንቅስቃሴ አሰልጣኝ ሆነች። ሥራ ስትገባ ሁልጊዜ የምታልፈው በገዛ ጩኸቷ ሥር ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እሷ ደግሞ ለመርሳት ሞክራም አታውቅም። ታላቅ እህቷ «ተይው፣ ለፈጣሪ ስጪው» ስትላት፣ «እሱ ሥራ ይበዛበታል እትዬ፤ ይህቺን እኔ ላግዘው» ትላለች።

ዘንድሮ ጋሼ ከዙፋኑ የሚወድቅ ንጉሥ ሆኖ ራሱ ሊተውን ተነሳ። ስንቱን ጀማሪ ስትይዝ የኖረች ናትና ያዥ አድርጎ እሷኑ መረጣት።

«ያ ነገር እኮ ለጥበብ ነበር» አላት ልምምድ ላይ፣ ትከሻዋን መታ መታ እያደረገ። «አልተቀየምሽኝም አይደል?»

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ ምን ቂም አውቃለሁ?»

በልምምዱ ሁሉ «አለሁ» እያለች እንደ ሕፃን አሳረፈችው። በልቧ ግን ሌላ ልምምድ ነበራት፤ ጭራሽ አለመያዝ። ጭንቅላቱ ወለሉን ሲመታ የሚሰማውን ድምፅ እያሰበች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

መክፈቻው ደረሰ። ንጉሡ ጀርባውን ሰጥቷት ቆሞ የመጨረሻ ቃሉን ተናገረ፤ ከበሮው ተመታ። መውደቂያው ይህ ነው። እሷ ዝም አለች። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ ጣቶቹ ካባውን ጨመደዱት። እሷ ትንፋሿን እንኳ አላሰማችውም። ከበሮው ደገመ። በሙሉ አዳራሽ ፊት ንጉሥ ዞሮ አያይም፤ ወደቀ።

ጮኸ። እንደ ንጉሥ አይደለም፣ ልክ እሷ እንደጮኸችው ነው። ያንን ጩኸት ስትሰማ አንዴ ብቻ መውደቁ አነሰባት። ተንበርክካ፣ ራሱ ወለሉን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ቀለበችው። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ።

ከመጋረጃው ጀርባ «ለምን ዝም አልሽ?» አላት።

«ገላ አይዋሽም ይሉ የለ? ለጥበብ ነው ጋሼ።»

ለማንም ሊከሳት አልቻለም። ምን ብሎ ይክሰስ? ያዘችኝ ብሎ?

በማግስቱ የእሷ ፖስተር ወርዶ የእሱ ተሰቀለ፤ አፉ ተከፍቶ፣ ዓይኑ ተበልጥጦ። ቴአትሩ ተወዷልና ገና ብዙ ይታያል። ጋሼ እንደገና ጀርባውን ሰጥቷት ቆመ፤ ከበሮው ተመታ።

«አለሁ» አለችው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

ያኔ ከበሮው ቢደግምም ገላውን መልቀቅ አቃተው። «አለሁ» ብሎ መሸሽን በዚያ ቤት ያስተማረው ራሱ ነበር።