የአለቃው ጉሮሮ

በስፌት ቤቱ ውስጥ ቃል የሚያልፍበት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አለቃው። እጅጌ የጠበበባት ሰፊ፣ ቆራጩ አጠገቧ ቢቀመጥም ለእሱ አትነግረውም። ለአለቃው ትነግራለች፣ አለቃው ለቆራጩ ይነግራል፣ መልሱም በዚያው ዞሮ ይመጣል። አለቃው ታዲያ ቀኑን ሙሉ ሲባክን ይውልና ማታ፣ «እኔ ባልኖር ይሄ ቤት ምን ይውጠው ነበር?» ይላል። ደስተኛ ሰው ነበር፣ ምን ጎድሎበት።

ያልገባው ታናሽ እህቱ ነገር ነው። እጀ ወርቅ ሰፊ ናት፤ ግን በሳምንቱ መጨረሻ ልትለቅ ነው። «ምን አጎደልኩብሽ?» ቢላት፣ «ምንም፣ ወንድም ጋሼ። ሰለቸኝ» አለችው። አባታቸው ያቋቋሙት ቤት ነው፤ ያለ እሷ ሊያስበው አልቻለም።

በዚህ መሀል ጉሮሮው ተዘጋ። ሐኪሙም ለጥቂት ቀን ሹክሹክታ እንኳ ከለከለው።

ሰኞ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጉዱን ይጠብቅ ጀመር። ሰው ሁሉ ወደ እሱ እየመጣ ባዶውን ተመለሰ። ረፋድ ላይ ቆራጩ ቸገረውና በቀጥታ ወደ እህትየው ሄደ።

«ይቺ እጅጌ ለምንድን ነው ሁልጊዜ የምትጠበው?»

«ብብቷ ጋ ጣት ያህል ጨምርላት። ዓመት ሙሉ ስናገር ነበር።»

«ለማን?»

እህትየው ወደ አለቃው ወንበር ዞራ አየች። አለቃው አንገቱን ደፋ። ነግራው ነበር፤ እሱ ነው መንገድ ላይ ጥሎት የቀረው።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ አፍ አወጣ። ቁልፍ ተካይዋ ከልብስ ተኳሹ፣ ተኳሹ ከቆራጩ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አንዱን ሥራ ሁለቴ ይሠሩታል። እንደ ድሮው አይፈጥንም፣ እውነት ለመናገር። ግን እህቱ ሳቀች። እዚህ ቤት ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም። «ለካ ይሄ ሁሉ ሰው እዚህ ነበር» አለ በሆዱ።

ዓርብ ጠዋት ድምፁ ተመለሰለት። መመለሱን ግን ለሠራተኞቹ አልነገራቸውም። አንዷ ሰፊ መጥታ፣ «አለቃ፣ ገበሩን በየትኛው ክር ልስፋው?» አለችው። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጠው። ጉሮሮውን ነካ አድርጎ ወደ እህቱ ጠቆማት።

ማታ ሌላው ሰው ሲወጣ እህትየው መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ፊቱ ቆመች።

«ጠዋት በር ላይ ከዘበኛው ጋር ስታወራ ሰምቼሃለሁ» አለችው።

አለቃው መሬት መሬት አየ።

«የፊታችን ሰኞስ፣ ጉሮሮህን ያምህ ይሆን?»

«በጣም» አላት፣ ጥርት ባለ ድምፅ።

እህትየው ጨርቁን ፈታችና መቀሷን ወደ መሳቢያው መለሰችው።