ኤልፒዲዮ የሚደናቀፍበት ቦታ

ነገሩን ያመጣው ወይን ነው። የኔሊዳ እጮኛ ቤተሰቦች ለምሳ በመጡ ጊዜ የልጁ አባት "በሠርጉ ቀን ከበሮውን የምመታው እኔ ነኝ" ብሎ ደረቱን ሲነፋ፣ ዳቦ ጋጋሪው ኤልፒዲዮ ዝም ማለት አቃተው። "እንግዲያው ጊታሩን ለእኔ ተዉት! ልጄ የመሐረብ ጭፈራዋን፣ ዛምባዋን፣ የምትጨፍረው በአባቷ እጅ ነው" አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ኔሊዳ ግን አባቷን ትክ ብላ አየችው። ቤት ያለው ጊታር የሟች እናቷ ነበር፤ አባቷ አቧራውን ከመጥረግ በቀር ነክቶት አያውቅም። ቢሆንም አላጋለጠችውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ በማግስቱ ስካሩ ሲለቀው ቃሉ አልለቀቀውም።

እንግዲህ በየቀኑ መለማመድ ሊኖርበት ነው። ግን መቼ? ጋጋሪ ጎህ ሳይቀድ ሊጥ ላይ ነው፤ ጠዋት ይሸጣል፤ ማታ በጊዜ ይተኛል። የቀረው ከምሳ በኋላ ያለው የእንቅልፍ ሰዓት ብቻ ነበር። በከተማቸው በሳንቲያጎ ደግሞ በዚያ ሰዓት ውሻ እንኳ አይጮህም። ይህን ሕግ በሰፈሩ ከሁሉ በላይ የሚያስከብረው ማን ሆነና? ራሱ ኤልፒዲዮ! ባለፈው በጋ ጎረቤቱ ዶኛ ሲክስታ ሬዲዮ ከፍታ ስትሰማ፣ በካናቴራ ብቻ ሆኖ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ "አንቺ ዓይን አውጣ! ሠርቶ የደከመ ሰው የለም እንዴ እዚህ ሰፈር?" እያለ መንገዱ ሁሉ እስኪሰማ አዋርዷታል። ባልቴቷ ሬዲዮውን ዘጋችና ገባች፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰዓት ኮሽታዋ ተሰምቶ አያውቅም።

ስለዚህ ተደበቀ። ከቤቱ ጀርባ ያለው የምድጃ ክፍል ግድግዳው ድርብ ጡብ ነው። በሩን ይቆልፋል፣ ሥሩን በጆንያ ይወትፋል፣ ከዚያ በቀዘቀዘው ምድጃ አፍ ላይ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ክሮቹን ይቃኛል፤ ቀጥሎ ጣቶቹን ከአንዱ አያያዝ ወደ ሌላው ያሸጋግራል፤ በመጨረሻ ዛምባዋን ይጀምራል። ሊጥ ሲያሽ የኖረ ጣት ወፍራም ነው፤ አንዱን ክር ልጫን ሲል ሁለቱን ያፍናል። መሃል ላይ አንዲት ጠማማ ቦታ አለች፤ እዚያ ሲደርስ ጣቶቹ ይቆላለፋሉ። "አንተ ደደብ!" ብሎ ራሱን ይሰድብና እንደገና ከመጀመሪያው። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው። አጀማመሯን እንደ አባታችን ሆይ ሸመደዳት፤ ከዚያች ቦታ ግን አንድም ቀን አላለፈም።

ከሁሉ የከበደው ዶኛ ሲክስታን ፊት ለፊት ማየት ነበር። አንድ ጠዋት ዳቦ ስትገዛ እጁን አየችው።

"ዶን ኤልፒዲዮ፣ ጣትዎን ምን ነካው?"

"ምድጃ ነው። አቃጠለኝ።"

"ምድጃ መስመር መስመር እያወጣ ማቃጠል ጀመረ?"

"አዲስ ነገር መቼ ጠፍቶ!"

ዳቦዋን ታቅፋ ወጣች። ኤልፒዲዮ ፊቱ ጋለ። እሷን ባዋረደበት ነገር እሱ ራሱ ተደብቆ ሌባ ሆኗል። ተከትሎ ይቅርታ ሊላት አስቦ ነበር፤ ይቅርታ ካለ ግን ምክንያቱን መናገር ሊኖርበት ነው። ደንበኛ አለብኝ ብሎ ቀረ።

ሠርጉ ደረሰ። በግቢው ዛፍ ሥር ሳምቡሳ መሰሉ ኢምፓናዳ ተበልቶ እንዳለቀ የሙሽራው አባት ከበሮውን አነሳ፤ ሙሽሮቹ መሐረባቸውን ይዘው ፊት ለፊት ቆሙ። ኤልፒዲዮ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስደግፎ ጀመረ። አጀማመሩ አማረ። ያቺ ቦታ ደረሰች። ዓይኑን ጨፈነ፣ ጣቶቹም ሳይታሰብ ተሻገሩ! ደስታ ሊያሰክረው ሲል ከበሮው መቆሙን ሰማ። ዓይኑን ቢገልጥ ሙሽሮቹ መሐረባቸውን ወደ ላይ እንዳነሱ ደርቀው ቆመዋል። መምታቱን አቆመ።

"ምን አጠፋሁ?"

"አባዬ፣ አለፍከው እኮ!" አለች ኔሊዳ። "እዚህ ጋ ትቆም የለ? እኛም አብረንህ ልንቆም ተለማምደናል። አማቼም ጭምር።"

"የት ሰምታችሁ?"

"በጭስ ማውጫው ነዋ!" አለች ዶኛ ሲክስታ ከወንበሯ ሳትነሳ። "በሩን ደፈኑ፣ ጭስ ማውጫውን ረሱት። ከፋሲካ ወዲህ በዚህ ሰፈር እንቅልፍ ያየ ሰው የለም።"

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንዲሉ፣ ኤልፒዲዮ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። "እና እርስዎ… ለምን አልጮሁብኝም?"

"ልጮህብዎት አጥሩ ሥር መጥቼ ነበር። ኔሊዳ ቀደመችኝ። በየቤቱ ዞራለች ልጅቷ፤ 'አባቴን እንዳታሳፍሩብኝ' እያለች።"

ኔሊዳ መሬት መሬቱን አየች። ኤልፒዲዮ ከእንግዲህ መደበቂያ አልነበረውም። ተነሳና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት "ዶኛ ሲክስታ፣ በአጥሩ ላይ የጮህኩት ነውር ነበር። ይቅር ይበሉኝ" አለ።

"ይቅር ብያለሁ። አሁን ከመሃል ይቀጥሉ። መጀመሪያውንስ ጠግበነዋል።"

ኤልፒዲዮ ጊታሩን አቀፈ። ጣቶቹን አየ፣ ክሮቹን አየ፣ ልጁን አየ። ላቡ በአፍንጫው ወረደ።

"ከመሃል መጀመር አልችልም" አለ። "አላውቅበትም።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ኔሊዳ እየሳቀች እንባዋን በመሐረቧ ጠረገችና መልሳ ወደ ላይ አነሳችው። ኤልፒዲዮ ጆሮው ድረስ ቀልቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከመጀመሪያው ጀመረ።