የሐሙስ አገልግል

ከአዲስ አበባ በወጣን በማግስቱ ረቡዕ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቀን አልመጣም።

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳመን አይደለም። ሠላሳ ዓመት የቤት ባልትና አስተማሪ ነበርኩ፤ ሥራዬ ምን ያህል፣ ለስንት ሰው፣ በስንት ሰዓት እንደሚቀርብ ማወቅ ነበር። የጉዞውን የምግብ ዝርዝር ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ማክሰኞ አብያታ ሻላ ፓርክ፣ ቋንጣ ፍርፍር። ረቡዕ ነጭ ሳር ፓርክ፣ ጾም ስለሆነ ሽሮ። ሐሙስ እዚያው ነጭ ሳር፣ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ። ዓርብ ማጎ ፓርክ፣ ምስር። ዝርዝሩን መኪናው ውስጥ ከሾፌሩ ፊት ለጠፍኩት። አሁንም እዚያው ነው።

ጉዞው የባለቤቴ የአምሃ ነው። አምሃ ጂኦግራፊ ያስተምር ነበር። የአገሩን ፓርኮች በጠመኔ ሲስል ዕድሜውን ጨረሰ እንጂ አንዱንም በዓይኑ አላየም። ሆዱን ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ከሆስፒታል ሲወጣ፣ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ ከእንግዲህ የሚያቆየው የሚበላው ነው አለኝ። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተት። አምሃ በበኩሉ ነጭ ሳር ሄጄ ቆርኬ የሚባለውን የዱር እንስሳ ሳላይ አልሞትም አለ። እኔም ሁለቱን አስታርቄ ዝርዝር ጻፍኩ። እህቱ ስንዱ መኪናዋን ይዛ መጣች፤ ሦስት ሆነን ሄድን።

ዶሮውን ማክሰኞ ንጋት ላይ ሠርቼ፣ አሥራ ሁለቱን እንቁላል ጨምሬ፣ በአገልግል አድርጌ ጠፍሩን በራሴ አስተሳሰር አስሬዋለሁ። የኔን አስተሳሰር ሌላ ሰው አይፈታውም፤ ስንዱ ሞክራ ጥፍሯ ተሰብሯል።

በመጀመሪያው ረቡዕ ኩልፎ ወንዝ ዳር ድንኳን ተከልን። በዘጠኝ ሰዓት ሽሮ አቀረብኩና አምሃን አንድ እንቁላል ብላ አልኩት። የነፍስ አባቱ፣ በሽተኛ ነህ፣ አትጹም ብለው ፈቅደውለት ነበር።

"ስድሳ ዓመት የጾምኩትን ረቡዕ ለአንድ ቀን ብዬ?" አለ። "ነገ ሐሙስ አይደል? የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።"

ነገሩ ትክክል ነበር። ሐሙስ የሚባል ቀን አሥራ አምስት ሰዓት ቀርቶት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስልኬ ረቡዕ ይላል። ተበላሽቷል ብዬ ሬዲዮ ከፈትኩ፤ ጋዜጠኛዋም ረቡዕ አለች። ስንዱ ዳቦ ልትገዛ አርባ ምንጭ ከተማ ወጥታ ስትመለስ፣ ባለምግብ ቤቱ "ረቡዕ ስለሆነ በያይነቱ ብቻ ነው ያለው" እንዳላት ነገረችኝ። ሽሮውን እንደገና ለካሁ። በሦስተኛው ቀን ኮንሶ ድረስ ነዳን። ኮንሶም ረቡዕ ነበር፤ ደርሰን ከመኪና ስንወርድ አንድ ሰው መልካም ረቡዕ ብሎ ጨበጠን። ተመልሰን ድንኳናችንን የነበረበት ቦታ ተከልን። ሣሩ ገና አልቀናም ነበር።

የፓርኩን ስካውት ቶማን ጠየቅኩት። ቶማ ትሑት ሰው ነው፤ ጠመንጃውን ዛፍ ላይ ሳይሰቅል ከሴት ጋር አያወራም።

"ለእኔ ዛሬ ሰኞ ነው፣ እናቴ" አለኝ። "የእናንተ ትኬት የረቡዕ ነው።"

ሌላ ትኬት ልግዛ ስለው፣ በረቡዕ የሚሸጠው የረቡዕ ትኬት ብቻ መሆኑን አስረዳኝ። ይህም ትክክል ነበር። በጣም ተናደድኩ፤ የምቆጣው ሰው ግን አጣሁ።

ቆሞ የቀረው ቀኑ ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ይሄዳል። ዳቦው ሻገተ፣ ቲማቲሙ ፈረሰ፣ ጋዙ ቀለለ፣ አምሃም ከሳ። ሱሪው አልቆም ሲለው ምስማር በእሳት አግዬ ቀበቶውን እበሳለሁ፤ ከዚያም ሄደን ቆርኬ እንፈልጋለን። የሜዳ አህያ አየን፣ አዞ አየን። ቆርኬ አላየንም። ቶማ ቆርኬ የሚወጣው ሐሙስ ሐሙስ እንደሆነ ሲነግረው አምሃ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህንንማ ተማሪዎቼን ሳስተምር መናገር ነበረብኝ አለ።

በየቀኑ አንድ እንቁላል ብቻ እያልኩ እለምነዋለሁ። በየቀኑ ነገ ሐሙስ ነው ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ግትርነቱ አንገበገበኝ፤ ደግሞ አርባ ዓመት የወደድኩት ይህንኑ ግትርነቱን አይደለም ወይ እላለሁ። አንድ ጊዜ ዓሣ ጠበስኩለት። ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ክርክር አንሥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረን፤ ሲጨርስ ዓሣው ቀዝቅዞ የስካውቶቹ ድመት በልታው ነበር።

አገልግሉ ግን አልተበላሸም። መዳፌን ሳስጠጋው ይሞቃል፤ የሐሙስ ስለሆነ ጊዜው አልደረሰም።

ሰባተኛውን ቀዳዳ የበሳሁ ዕለት ለመዋሸት ወሰንኩ። ስልኩን ደበቅኩ፣ የሬዲዮውን ባትሪ አወጣሁ፣ ስንዱን የምትለውን አስጠናኋት።

"አምሃ፣ ተነሥ። ሐሙስ ገባ" አልኩት።

ፈገግ አለ። ፈገግታው ከፊቱ ሰፍቶ ነበር። ስንዱ እጁን አስታጠበችው፤ እኔ ቋጠሮዬን ፈታሁ። ማንም አልነካውም፣ እንዳሰርኩት ነው። ክዳኑን ሳነሣ እንፋሎት ወጣ። እንቁላሎቹን ቆጠርኩ፤ ልማድ ነው። አሥር ናቸው። ጥግ ላይ ሁለት አጥንቶች ተግጠው፣ ጎን ለጎን በሥርዓት ተቀምጠዋል። እኔ አጥንት እንዲህ ነው የማስቀምጠው።

አምሃ የሚያየው አገልግሉን ሳይሆን ፊቴን ነበር።

"ሐሙስ አይደለም፣ አይደል?"

"አይደለም።"

"ክደኚው። ነገ እንበላዋለን።"

የታጠበውን እጁን ሱሪው ላይ አደረቀ። አልተቀየመኝም፤ ቢቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ቶማ ሄጄ ማን እንደበላው ጠየቅኩ። ጠመንጃውን ሰቀለና በአገጩ ወንዙ ማዶ አሳየኝ።

"እነዚያ ናቸው። በዚያ በኩል ሐሙስ ነው።"

ማዶ የስንዱ መኪና ቆሟል። የእኛ ድንኳን ተተክሏል። ከፊቱ አገልግል ተከፍቶ ሁለት ሴቶች ይበላሉ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንደኛዋ ስንዱ ናት። ሁለተኛዋ አጥንቷን ግጣ ጥግ ላይ አስቀመጠች። መሐላቸው ማንም ያልነካው ሦስተኛ ሳህን አለ። ከኋላቸው፣ ድንጋይ ብወረውር በሚደርስበት ርቀት፣ ቆርኬዎች ሣር ይግጣሉ።

"መሻገር ይቻላል?" አልኩት።

"ይቻላል፣ እናቴ። ጥልቅ አይደለም" አለኝ። "የሚሻገረው ግን ሁለት ሰው ነው።"

ስንዱ ከኋላዬ ቆማ ሰምታ ኖሯል። አለቀሰች። ወንድሟ እንዳይሰማ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነው ያለቀሰችው። እኔ አላለቀስኩም። ያን ሁሉ ቀን ሐሙስን አምጣልኝ እያልኩ የለመንኩትን አምላክ፣ እባክህ አታምጣው አልኩት። ከዚያ ሽሮው ስንት እንደቀረ ለማየት ሄድኩ። አንድ ማንኪያ ነበር።

በዘጠኝ ሰዓት ሽሮዋን በውኃ አቅጥኜ አቀረብኩ። አምሃ ወንዙ ዳር ካልተቀመጥኩ አለ፤ ስንዱና እኔ በሁለት ክንዱ ደግፈን ወሰድነው። ብዙም አይከብድም ነበር። ዓይኑ ስለደከመ ለእሱ ማዶ የሚታየው ጭስ ብቻ ነው።

"ሰዎች ናቸው?" አለኝ።

"ናቸው።"

"ስንት ናቸው?"

"ሦስት።"

ዓይኑን አጥብቦ ወደ ጭሱ አየ።

"እኔ እየበላሁ ነው?"

"እየበላህ ነው።"

"ቆርኬውንስ አይተነው ነው?"

"ከኋላህ ቆሞልሃል።"

ጥሩ ነው አለ። አስተማሪ በነበረበት ጊዜ ተማሪ በትክክል ሲመልስለት ጥሩ ነው የሚለው እንዲህ ነበር።

ማዶ ያለችው እኔ እንቁላሉን ለሁለት ከፈለች። ግማሹን በእንጀራ ጠቀለለችና ተነሣች። ሦስተኛውን ሳህን አልፋ፣ ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ጫማዋ ውኃ እስኪነካ መጣች። ጉርሻውን ይዛ እጇን በወንዙ ላይ ወደኛ ዘረጋች። እጇ አልወረደም። ወጡ በጣቶቿ መሐል እየተንጠባጠበ ውኃው ላይ ይወድቅ ነበር።

አምሃ ከጎኔ አንገቱን ወደ ወጡ ሽታ አስግጎ አፉን ከፈተ።