የመሪጌታ መልስ

ወለተ ኪዳን ላፕቶፑን ደፍታ አራገፈችው። መልሳ ስትከፍተው ግን ማንም ሳይነካው «ንንንንን» እያለ ገጹን መሙላቱን ቀጠለ። ጠዋት የፈሰሰበት ሻይ የ«ነ»ን ቁልፍ አበላሽቶታል። እሑድ በመሆኑ የደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ጠጋኞች ዘግተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከየጁቤ ከተማ ተነስተው መንገድ ላይ ናቸው።

አባቷ መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ድምፃቸውን በጉሮሮ ሕመም ካጡ ወዲህ የሚናገሩት በዚህ ላፕቶፕ ነው። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብዕር አይጨብጡም። ፊደሎቹን ግን በአንድ ጣት እየለቀሙ ይጽፋሉ፤ ሰው ያነባል። ዛሬ የሚመጡት ሽማግሌዎች እሷን ለትዳር ሊጠይቁ ነው፤ አንድ ጊዜ ሠርግ ላይ ላየችው የእህል ነጋዴ ልጅ።

አጎቷ አንሙት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ተይው ልጄ፣ አትድከሚ። እኔ እመልስላቸዋለሁ። ወንድሜን አውቀዋለሁ፤ እሺ ነው የሚለው» አላት።

«እሺም ካሉ ጋሼ፣ አባዬ ራሳቸው ይበሉት።»

ይህን ትበል እንጂ አባቷ ስለ ጉዳዩ አንዲት ቃል አልጻፉላትም። እሺ ቢሉ የኮሌጅ ትምህርቷስ? እጇ ግን መሥራቱን አልተወም። ቁልፉን ነቀለችው፤ ከሥሩ ያለው እርጥበት አሁንም «ን» ይላል። ዕቃው ካልዳነ ኮምፒውተሩን ማሳመን ነበረባት። ኮሌጅ የተማረችው ትዝ አላት፤ የትኛው ቁልፍ የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚወስነውን ፕሮግራም በማውዝ ከፍታ፣ የተበላሸውን ቁልፍ ጨርሶ እንዳይሰማው አዘዘችው። «ነ»ን ጥግ ላይ ወዳለ ሥራ ፈት ቁልፍ አዛወረችና አጥፍታ አስነሳችው።

ገጹ ጸጥ አለ። በዚያው ቅጽበት ውጪ የመኪና በር ተዘጋ።

ፕላስተር ቆርጣ አዲሱ ቁልፍ ላይ ለጠፈችና ላፕቶፑን አባቷ ፊት አስቀመጠችው። «አባዬ፣ ‹ነ›ን እዚህ ያገኟታል» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ ገብተው ተቀመጡ። ወጉ ጓዳ እንድትገባ ነበር፤ እሷ ግን ላፕቶፑ ዳግም ቢያምፅ ብላ ከአባቷ ጀርባ ቆመች። ትልቁ ሽማግሌ ተነስተው «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። አንሙት ጉሮሮውን ሲጠርግ መሪጌታ እጃቸውን አንስተው አስቆሙት። ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ፊደል በፊደል ጻፉ።

የላፕቶፑን ማያ ያዞሩት ግን ወደ እንግዶቹ ሳይሆን ወደ እሷ ነበር።

«ልጄ፣ ያንቺን ሳልሰማ አልመልስም። ምን ልበላቸው?»

ጠዋቱን ሙሉ የአባቷን መልስ ስትፈራ የራሷን አላሰበችም ነበር። ቤቱ ሁሉ አያት። አንሙት በጥቅሻ እሺ በይ አላት። ጎንበስ ብላ በአባቷ ጆሮ ልትናገር ትችል ነበር፤ ይልቁንስ ተንበርክካ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና ጻፈች።

«ልጁ ራሱ ይምጣ። አነጋግሬው እወስናለሁ።»

መሪጌታ አነበቡት። አንድም ፊደል ሳይጨምሩበት ማያውን ወደ ሽማግሌዎቹ አዞሩት።